ሻሽ፣ ነጠላና ጥምጥም፡ የራስ መሸፈኛ ታሪክ፣ ባህላዊ ትርጉምና በአገልግሎት መስጫ ተቋማት የሚሰጠው ክብር

በየዕለቱ ወደ መንግሥት ተቋማት ለአገልግሎት ከሚመጡ ዜጎች መካከል ራሳቸውን ሸፍነው የሚመጡት ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሐዘንተኛ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ካህን፣ ሒጃብ የለበሰች ተማሪ፣ ነጠላ የተከናነቡ እናት፣ ከቆላ የመጣች ባለትዳር አርብቶ አደር በአንድ ወረፋ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ለተመልካች ሁሉም ራሳቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ሰዎች ናቸው። ለባለቤቶቹ ግን ያ ጨርቅ ሐዘንን፣ ማዕረግን፣ እምነትን፣ ትዳርን ወይም የሥራ ሁኔታን የሚገልጽ ምልክት ነው።

ይህ ጽሑፍ የራስ መሸፈኛ ጨርቅ በኢትዮጵያና በሌሎች አገሮች ያለውን ታሪክና አገልግሎት በአጭሩ ያስረዳል። በመጨረሻም ራሳቸውን የሚሸፍኑ ተገልጋዮች ለመታወቂያና ለጉዞ ሰነድ ፎቶግራፍ ሲነሡ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያቀርባል። ጽሑፉ በአጠቃላይ የሚያስገነዝበው አንድ መሠረታዊ ጉዳይ አለ። የራስ መሸፈኛ ትርጉም የሚገኘው ከጨርቁ ብቻ ሳይሆን ከአስተሳሰሩ፣ ከቀለሙና ከሚታሰርበት ወቅት ነው። ይህን የተረዳ ተገልጋይም ሆነ አገልግሎት ሰጪ አላስፈላጊ ቅሬታን ያስቀራል።

የስሙ አመጣጥ

በአማርኛ ‹ሻሽ› የሚለው ቃል በጥቅሉ ራስ ላይ የሚታሰር ስስ ጨርቅን ይገልጻል። ይኸው ቃል በዐረብኛም ስስ የጥጥ ጨርቅን፣ እንዲሁም ከዚያ የሚሠራውን ጥምጥም ሲያመለክት የኖረ ሲሆን፣ ለቁስል መሸፈኛ የሚውለው ስስ ጨርቅም በዚያው ስም ይጠራል። በእንግሊዝኛ ከትከሻ ወይም ከወገብ ላይ የሚታሰረው መታጠቂያ ‹ሳሽ› መባሉም ከዚሁ የዐረብኛ ቃል የመነጨ ነው። በአገራችን ቃሉን አማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ ሳይሆኑ የሶማሌና የአፋር ማኅበረሰቦችም ይጠቀሙበታል። ቃሉ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ከነበረው የንግድ ግንኙነት ጋር የተጓዘ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው ‹ባንዳና› የተሰኘው አራት ማዕዘን ጨርቅም መነሻው ሕንድ ነው። ስያሜው የተገኘው ማሰር የሚል ትርጉም ካለው የሕንድኛ ቃል ነው። ምክንያቱም ጨርቁ ቀለም ውስጥ ከመነከሩ በፊት በየቦታው በክር ጥብቅ ተደርጎ ስለሚታሰር ነው። የታሰረው ቦታ ቀለም ስለማይደርሰው ክሩ ሲፈታ ነጫጭ ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ። ይህ የማቅለም ጥበብ ያረፈበት የሐርና የጥጥ ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ18ኛው ክፍለ ዘመን በባሕር ንግድ ወደ አውሮፓ በብዛት ይገባ ጀመር። ሱረት የሚስቡ ሰዎች ደማቅና ጥቁረት ያለውን መሐረብ ከነጩ ይመርጡት ነበር፤ የሱረቱን እድፍ ይደብቅላቸዋልና።

ከጥጥ እስከ ጥለት

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለራስ መከናነቢያነት ጎልቶ የሚታወቀው ልብስ ነጠላ ነው። ነጠላ ስስና ቀላል በመሆኑ በትከሻም፣ በራስም፣ በወገብም ላይ እንደ አስፈላጊነቱ ይለበሳል። ጋቢ ግን ተደራርቦ የሚሠራ ወፍራም ልብስ በመሆኑ በዋናነት ለብርድ መከላከያ ያገለግላል።

አንድ ነጠላ ገበያ ላይ ከመቅረቡ በፊት የብዙ ሰዎችን ድካም ይጠይቃል። በመጀመሪያ ጥጡ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፍና ይለሰልሳል። ከዚያም ፈታዮች በእንዝርት ፈትለው ክር ያደርጉታል። መፍተል በባህላችን በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ ሽመናው ደግሞ በአመዛኙ በወንዶች ሲከናወን ኖሯል። ሸማኔው ድሩን በመሸመኛው ላይ ወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ ጨርቁን ይሠራል። በጨርቁ ጫፍ ላይ የሚታየው ባለ ቀለም ጥለት የሚሠራውም በዚሁ ጊዜ ባለ ቀለም ክር እየገባ ነው። ‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር› የሚለው አባባል ከዚሁ ሙያ የተወሰደ መሆኑ፣ ሽመና በኅብረተሰቡ አስተሳሰብ ውስጥ ያለውን ሥፍራ ያሳያል።

በሽመና ሙያ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ ማኅበረሰቦች መካከል በጋሞ ደጋማ አካባቢ የሚኖሩት ዶርዜዎች ይገኙበታል። ከዚያ አካባቢ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳን የባህል ልብስ ዋና መገበያያ ካደረጉት ባለሙያዎች መካከል ተጠቃሽ ናቸው። ይህን ያህል አገልግሎት የሚሰጡ ሸማኔዎች ለረጅም ዘመን በሙያቸው ምክንያት ሲናቁና ሲገለሉ መኖራቸው አይዘነጋም። ልብሱን በክብር የለበሰ ኅብረተሰብ ልብሱን ለሠሩት እጆች ተገቢውን ክብር ሳይሰጥ መቆየቱ፣ ዛሬም ድረስ ትምህርት ሊወሰድበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ነጠላ በአለባበሱ የሚናገረው

ነጠላ አንድ ልብስ ቢሆንም አለባበሱ እንደየሁኔታው ይለያያል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ይለብሳሉ። የነጠላው ሁለት ጫፎች በደረት ላይ ተላልፈው በትከሻ ላይ ስለሚውሉ አለባበሱ የመስቀል ምልክት ይሠራል። ሴቶች ከዚህ በተጨማሪ ፀጉራቸውን በነጠላ ወይም በሻሽ ይሸፍናሉ።

ሐዘን ሲያጋጥም ነጠላው ይዘቀዘቃል። በዘወትር አለባበስ ወደ ታች የሚወርደው ጥለት በሐዘን ጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ወደ ፊት አቅራቢያ እንዲሆን ተደርጎ ይለበሳል። በመሆኑም ወደ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ማን ሐዘንተኛ፣ ማን አስተዛዛኝ እንደሆነ ሳይጠይቅ ከአለባበሱ ሊለይ ይችላል። ባህሉን ለማያውቅ ሰው ግን ነጠላው ተሳስቶ የተገለበጠ ሊመስለው ይችላል።

ሦስተኛው አለባበስ ማደግደግ ይባላል። ያደገደገ ሰው ነጠላውን ወይም ኩታውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ዙሪያ ያስራል። ይህ አለባበስ በጥንት ዘመን በነገሥታትና በመኳንንት ፊት የመታዘዝና የአክብሮት መግለጫ ነበር። ዛሬም በሠርግና በድግስ ላይ አስተናጋጆች አደግድገው ሲያስተናግዱ ይታያል። ያው አንድ ነጠላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለጸሎት፣ ለሐዘንና ለመስተንግዶ ሲለበስ ሦስት የተለያዩ መልእክቶችን ያስተላልፋል ማለት ነው።

ሻሽ በሐዘን፣ በአራስነትና በዘወትር ኑሮ

ሻሽ ከነጠላ የሚለየው በዋናነት ራስ ላይ ጠበቅ ተደርጎ የሚታሰር በመሆኑ ነው። በሐዘን ጊዜ ጥቁር ሻሽ ማሰር በከተማም በገጠርም የተለመደ ነው። የቅርብ ዘመድ የሞተባት ሴት ከል ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ለወራት፣ አንዳንዴም እስከ ሙት ዓመት ድረስ ልትቆይ ትችላለች። ከሉን የምታወልቅበት ቀን ሐዘኗን አብቅታ ወደ ዘወትር ኑሮዋ መመለሷን የሚያመለክት በመሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ በወዳጅ ዘመድ ምክርና ማበረታታት የሚፈጸም ነው። ስለዚህ ያለ ጊዜው ‹ሻሽሽን አውልቂ› ማለት ለሐዘንተኛዋ ቀላል ትእዛዝ አይሆንም።

በሌላ በኩል ሻሽ ከደስታና ከጤና ጋርም ይያያዛል። አራስ ሴት ብርድ እንዳይመታት ራሷን በሻሽ ወይም በነጠላ ትሸፍናለች። ለጋ ቅቤ የተቀባች ሴት ቅቤው በፀጉሯ ውስጥ እንዲቆይና ልብሷን እንዳይነካ ሻሽ ታስርበታለች። ራሱን ያመመው ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ግንባሩን በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰሩ በብዙ ቤቶች የሚታወቅ ልማድ ነው። በሕክምና ምክንያት ፀጉራቸው የረገፈ ሰዎችም በሻሽ ይጠቀማሉ። አንዲት ሴት ሻሽ አስራ ስትታይ ምክንያቷ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ከውጭ ሆኖ መወሰን አይቻልም፤ እርሷም ለሰው ሁሉ የማስረዳት ግዴታ የለባትም።

የራስ መሸፈኛ በሃይማኖት ተቋማት

ራስን መሸፈን በአገራችን በክርስትናም፣ በእስልምናም፣ በአይሁድ እምነትም ዘንድ ሥር የሰደደ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች በጸሎት ጊዜ ራሳቸውን ሲሸፍኑ፣ ምእመናን ወንዶች ግን ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ካህናት ደግሞ ነጭ ጥምጥም ይጠመጥማሉ። ጥምጥም ረጅም ስስ ጨርቅ በራስ ዙሪያ እየተደራረበ የሚሠራ ሲሆን፣ የክህነት አገልግሎት መታወቂያ ሆኗል። መነኮሳት የሚያደርጉት ቆብም ከዓለማዊ ኑሮ መለየታቸውን ያሳያል፤ በአማርኛ ‹ቆብ ጫነ› ማለት ‹መነኰሰ› ማለት መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው።

ሙስሊም ኢትዮጵያውያት በሒጃብ፣ በሻርፕ፣ በጂልባብና በሌሎች የራስ መሸፈኛዎች ይጠቀማሉ። የጨርቁ ዓይነት፣ ቀለምና አስተሳሰር ከአካባቢ አካባቢ፣ ከትውልድ ትውልድ የሚለያይ ቢሆንም፣ መሠረቱ ሃይማኖታዊ የጨዋነት ሥርዓት ነው። በወንዶችም በኩል ሼሆችና ሌሎች የሃይማኖት አባቶች ጥምጥም ይጠመጥማሉ። በአንድ ከተማ ውስጥ የሚኖሩ የሁለት እምነት አባቶች ሁለቱም ነጭ ጥምጥም ጠምጥመው መታየታቸው በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም።

የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ እናቶችም ራስን የመሸፈን ልማዳቸውን ወደ እስራኤል ይዘው ሄደዋል። ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን በሚከበረው የስግድ በዓል ላይ ነጭ የሐበሻ ልብስና ነጠላ የለበሱ እናቶች በኢየሩሳሌም በብዛት ይታያሉ። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ምክር ቤት ሕግ አገር አቀፍ በዓል ሆኖ ታውቋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በእሑድ ቅዳሴና በበዓላት ነጠላ መልበሳቸውን አልተዉም።

የትዳር ምልክት የሆነው የራስ መሸፈኛ

በአንዳንድ ማኅበረሰቦች የራስ መሸፈኛ የትዳር ሁኔታን ይገልጻል። በሶማሌ ባህል ሻሽ የባለትዳር ሴት መለያ ነው። ከሠርጉ በኋላ በሰባተኛው ቀን ሴቶች ተሰብስበው ለሙሽራዋ ሻሽ የሚያስሩበት ሥርዓት አለ። ይህ ሥርዓት ልጅቷ ወደ ባለትዳር ሴቶች ጎራ መቀላቀሏን የሚያበስር ሲሆን፣ በዘፈንና በስጦታ የታጀበ ነው።

በአፋር ማኅበረሰብም ባለትዳር ሴቶች ሻሽ ወይም ሙሻል የሚባል ጥቁር የራስ መሸፈኛ ያስራሉ። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በደጋው አካባቢ ጥቁር ሻሽ በቅድሚያ ሐዘንን የሚያስታውስ ሲሆን፣ በአፋር ግን ያው ጥቁር ሻሽ ባለትዳርነትን ያመለክታል። ከደጋ የሄደ ሠራተኛ ባለትዳሯን ሴት ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› ቢላት አነጋገሩ የቅንነት ቢሆንም ከቦታው ጋር አይገጥምም።

በሐረር ከተማ ደግሞ ባለትዳር ሴቶች ፀጉራቸውን ለሁለት ከፍለው ከጆሯቸው ኋላ በግራና በቀኝ ካድበለበሉ በኋላ ጉፍታ በሚባል መረብ ይሸፍኑታል። ያላገቡ ልጃገረዶች ግን ፀጉራቸውን ተሠርተው ይታያሉ። በሐረሪዎች ዘንድ የሚከበረውና እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው የሹዋሊድ በዓል፣ እነዚህን ባህላዊ አለባበሶች በሙሉ ድምቀታቸው ለማየት ምቹ አጋጣሚ ነው።

ወንዶችም ያስሩ ነበር

የራስ ጨርቅ የሴቶች ብቻ ተደርጎ መታሰቡ ከታሪክ ጋር አይስማማም። ለዚህ ከሁሉ የሚታወቀው ምሳሌ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ምስል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በብዙ ፎቶግራፎችና ሥዕሎች ላይ ነጭ ስስ ጨርቅ ራሳቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አስረው፣ አንዳንድ ጊዜም በላዩ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው ይታያሉ። ዛሬ በዓድዋ መታሰቢያ በዓላት ላይ የእርሳቸውን አለባበስ የሚያስመስሉ ወጣቶች ያንን ነጭ ጨርቅ አይረሱትም። ይህም አንድ ቀላል ጨርቅ ከዘመን በኋላ የአንድ መሪ መለያ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ከሌሎች አገሮች ታሪክ

በሌሎች አገሮችም የራስ መሸፈኛ ትርጉም በለባሾቹ እጅ ሲለወጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1786 በስፔን አገዛዝ ሥር በነበረችው ሉዊዚያና፣ አገረ ገዥው ኤስቴባን ሚሮ ነፃ የሆኑ ጥቁርና ክልስ ሴቶች ፀጉራቸውን በጨርቅ እንዲያስሩ የሚያስገድድ ትእዛዝ አወጣ። ዓላማው እነዚህን ሴቶች ከነጮቹ ዝቅ አድርጎ ማሳየት ነበር። ሴቶቹ ግን ደማቅ ቀለም ያላቸውን ውድ ጨርቆች መርጠው፣ በልዩ ልዩ አስተሳሰር አሳምረው በማሰር የውርደት ምልክት የታሰበውን ሻሽ የውበትና የኩራት መገለጫ አደረጉት።

በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1921 የሠራተኛ ማኅበር የመመሥረት መብታቸውን ለማስከበር የተነሡ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች በብሌር ተራራ በተካሄደው ግጭት ወቅት ቀይ ባንዳና በአንገታቸው አስረው ነበር። ጨርቁ ከተለያየ ቦታ የመጡ ሠራተኞች ወገናቸውን የሚለዩበት ዩኒፎርም ሆኖ አገልግሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ወደ ፋብሪካ የገቡ ሴቶች ፀጉራቸው በማሽን እንዳይያዝ ራሳቸውን በባንዳና ያስሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የታተመውና ባለ ነጠብጣብ ቀይ ባንዳና ያሰረች ሠራተኛን የሚያሳየው ማስታወቂያ ከጊዜ በኋላ የሴቶች ጥንካሬ ምልክት ተደርጎ ተወስዷል።

በአርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1977 በወታደራዊው መንግሥት ልጆቻቸው የተሰወሩባቸው እናቶች በቦነስ አይረስ በሚገኘው ማዮ አደባባይ እየተሰበሰቡ ልጆቻቸው የት እንደደረሱ መጠየቅ ጀመሩ። እርስ በርስ ለመተዋወቅ ራሳቸው ላይ ያሰሩት ነጭ ሻሽ በመጀመሪያ የሕፃናት ሽንት ጨርቅ ነበር። ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ጨርቅ ልጆቻቸውን የሚጠይቁበት ምልክት ሆነ። የነጩ ሻሽ ሥዕል ዛሬም በዚያው አደባባይ ወለል ላይ ይታያል።

በሥራ ቦታ ያለው ጥቅም

በአገራችንም የራስ መሸፈኛ በሥራ ላይ የሚሰጠው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ጎዳና የሚጠርጉ እናቶች ራሳቸውንና ፊታቸውን ከአቧራና ከፀሐይ በሻሽ ይከላከላሉ። እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች ፀጉራቸውን ከጭስ ይጠብቁበታል። በቡና ለቀማና በእርሻ ሥራ የተሰማሩም ከፀሐይ ይጠለሉበታል። ምግብ በሚዘጋጅበት ቦታ ፀጉርን መሸፈን የንጽሕና መሠረታዊ ጥንቃቄ ነው። ማሽን ባለበት ሥፍራ ደግሞ የተንጠለጠለ የሻሽ ወይም የነጠላ ጫፍ በሚሽከረከር መሣሪያ ሊያዝ ስለሚችል፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገብቶ ጠበቅ አድርጎ ማሰር አደጋን ይከላከላል።

ለመታወቂያና ለጉዞ ሰነድ ፎቶግራፍ ሲቀርቡ

ራሳቸውን የሚሸፍኑ ተገልጋዮች ብዙውን ጊዜ ጥያቄ የሚያነሡት በፎቶግራፍ ጉዳይ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለጉዞ ሰነዶች ያወጣው መስፈርት በመርህ ደረጃ የራስ መሸፈኛ በፎቶግራፍ ላይ እንዳይታይ ይላል። ሆኖም በሃይማኖት፣ በጤና ወይም በባህል ምክንያት ሲሆን የየአገሩ ሥልጣን ያለው አካል እንዲፈቅድ በር ይከፍታል። የመስፈርቱ ዓላማ ፊት በግልጽ እንዲለይ ማድረግ እንጂ አለባበስን መቃወም አይደለም። ከዚህ በመነሣት ተገልጋዮች የሚከተሉትን ቢያደርጉ ጉዳያቸው ይቀላል።

አንደኛ፣ ሻሹ፣ ነጠላው ወይም ሒጃቡ ግንባርን፣ ሁለቱን ጉንጮችና አገጭን እንዳይሸፍን አድርጎ ማሰር። ሁለተኛ፣ ጨርቁ በፊት ወይም በዓይን ላይ ጥላ እንዳይጥል ወደ ኋላ መለስ ማድረግ። ሦስተኛ፣ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ጨርቅ መምረጥ። ፎቶግራፍ የሚነሡበት ግድግዳ ነጭ ከሆነ ነጭ ነጠላ ከግድግዳው ጋር ተመሳስሎ የራስ ቅርጽ እንዳይለይ ስለሚያደርግ፣ ጠቆር ያለ ቀለም የተሻለ ይሆናል። አራተኛ፣ ከቤት ከመነሣት በፊት አገልግሎቱን የሚሰጠው ተቋም ያወጣውን የፎቶግራፍ መስፈርት መጠየቅ። አምስተኛ፣ በተቋሙ መሸፈኛውን እንዲያስተካክሉ ከተጠየቁ ምክንያቱ እንዲገለጽላቸው በትሕትና መጠየቅና ሰው በማይበዛበት ቦታ ማስተካከል እንዲችሉ ማመልከት ይችላሉ።

አገልግሎት ሰጪዎችም ‹አውልቂ› ወይም ‹አውልቅ› ከማለት ይልቅ ‹እባክዎ ግንባርዎና አገጭዎ እንዲታይ ትንሽ ወደ ኋላ ያድርጉት› ቢሉ የሥራው ዓላማም ይሳካል፣ የተገልጋዩም ክብር ይጠበቃል። የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 ለክብርና ለመልካም ስም፣ በአንቀጽ 25 ለእኩልነት፣ በአንቀጽ 27 ለሃይማኖትና ለእምነት ነፃነት ዋስትና ሰጥቷል። አንቀጽ 39 ደግሞ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ባህላቸውን የመግለጽና የማዳበር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአገልግሎት መስኮት ላይ የሚነገር አንድ ቃል የእነዚህ ድንጋጌዎች የዕለት ተዕለት መፈተኛ ነው።

የእጅ ሥራውን ከሕትመቱ ለመለየት

በአሁኑ ወቅት በገበያ ላይ የጥለት ንድፍ በማሽን የታተመባቸው ጨርቆች ከእጅ ሥራ ነጠላ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ገዢው አቅሙንና ፍላጎቱን መሠረት አድርጎ የመምረጥ መብት አለው። ነገር ግን የእጅ ሥራ ነው ተብሎ ሕትመት እንዳይሸጥለት ልዩነቱን ቢያውቅ ይጠቀማል። በሸማኔ እጅ የተሠራ ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ በመሆኑ ክሩ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፤ በጀርባውም በኩል ባለ ቀለሙ ክር ይታያል። የታተመው ግን በአብዛኛው ፊቱ ደማቅ፣ ጀርባው ፈዘዝ ያለና ሲዳስሱት ለስላሳ ነው። በእጅ የተፈተለ ክርም እዚህም እዚያም ውፍረቱ ትንሽ ይለያያል፤ ይህ የጉድለት ሳይሆን የሰው እጅ የነካው ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመጠበቅና የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት ያስቀምጣል። ይህ ኃላፊነት ግን ያለ ኅብረተሰቡ ተሳትፎ አይሟላም። ነጠላ የሚያዘቀዝቁበትን ምክንያት ለልጆቻቸው የሚያስረዱ እናት፣ ለእጅ ሥራ ተመጣጣኝ ዋጋ የሚከፍል ገዢ፣ የጎረቤቱን ሻሽ ትርጉም ሳያውቅ ከመፍረድ የሚቆጠብ ዜጋ፣ ተገልጋዩን በአክብሮት የሚያስተናግድ ሠራተኛ ሁሉም የዚህ ቅርስ ጠባቂዎች ናቸው። ስለሆነም ኅብረተሰቡ በየአካባቢው ያሉትን የራስ መሸፈኛ ዓይነቶች፣ ስያሜዎቻቸውንና የአስተሳሰር ሥርዓቶቻቸውን ከአባቶችና ከእናቶች ጠይቆ እንዲመዘግብና በየአካባቢው ለሚገኙ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች እንዲያሳውቅ ይበረታታል።